ልቆይ ወይስ ልልቀቅ? በዕለት ተዕለት ሥራ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ስለ መለየት

ወረቀት አገላባጭ (ጥያቄ አቅራቢ)

የተከበራችሁ የዚህ የውይይት መድረክ ወንድሞችና እህቶች፣

በአዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት የግዢ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በቅርቡ ከሌላ መሥሪያ ቤት የሥራ ጥሪ ደርሶኛል። ደመወዙ አሁን ከማገኘው ያንሳል፤ ነገር ግን ለቤቴ ቅርብ ነው፤ ሥራውም የሰከነ ይመስላል። ስለዚህ ጉዳይ ስጾምና ስጸልይ ቆይቻለሁ። የማከብረው አንድ አገልጋይ ሲጸልይልኝ «ባለህበት ጽና፤ በዚያ ያቆምሁህ እኔ ነኝ ይላል ጌታ» ብሎኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ ከዚያ መሥሪያ ቤት እስካልወጣህ ድረስ እንቅልፍ አይኖርህም ትለኛለች። እኔም በበኩሌ እንደ ጌዴዎን ምልክት ጠይቄ ነበር፤ አለቃዬ ቃል የገባልኝን የደመወዝ ጭማሪ ከፈጸመልኝ እቆያለሁ፣ ካልፈጸመልኝ እለቃለሁ ብዬ በጸሎት አስቀመጥሁት። ጭማሪው መጣ፤ የመጣው ግን የተባለው ግማሽ ስለሆነ በየትኛው ወገን እንደምቆጥረው ግራ ገብቶኛል።

መልቀቅን እንዳስብ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱን ለአብነት ልጥቀስ። በድርጅቱ ደንብ መሠረት የቢሮ ዕቃ ሲገዛ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) መሰብሰብ ግዴታ ነው። በተግባር ግን የሚሸጥልን ነጋዴ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሦስቱንም ፕሮፎርማ ራሱ አዘጋጅቶ በአንድ ፖስታ፣ በአንድ ሞተረኛ ይልክልናል። ባለፈው ከመጡት ሁለቱ የተለያየ የድርጅት ስምና ማኅተም ነበራቸው፤ የፕሪንተሩ ቶነር ቁጥር ግን በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ይዞ ተጽፏል። እኔ ሦስቱን አያይዤ ለግዢ ኮሚቴው አቀርባለሁ። ይህ እንግዲህ በየቦታው የተለመደ ነው። ዋናው ጥያቄዬ ልቆይ ወይስ ልልቀቅ የሚለው ነው፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በምን ለይቼ ልወቅ?

ሽማግሌው መሐንዲስ

ወንድሜ፣ ጌዴዎንን ስለጠቀሱ ከእርሱ ልጀምር። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 6 ላይ ጌዴዎን የተባዘተውን የበግ ጠጕር በአውድማ ላይ ከማኖሩ አስቀድሞ «በዚህ በጕልበትህ ሂድ» ተብሎ ታዝዞ ነበር። ምልክቱን ሲጠይቅ እንኳ «እንደ ተናገርህ» እያለ የሰማውን ትእዛዝ በራሱ አፍ ይደግመዋል፤ ሁለተኛውን ሲጠይቅ ደግሞ «ቍጣህ አይንደድብኝ» ብሎ እየፈራ ነው። ስለዚህ ታሪኩ የሚያሳየን ትእዛዙን ሰምቶ የሚፈራን ሰውና የታገሠውን አምላክ ነው። የአለቃን በጀት ከአውድማው ጠጕር ጋር ማስተካከል ግን አስቸጋሪ ነገር ነው፤ እንዳዩትም ግማሽ ጭማሪ ይመጣና ሰውየውን ከነበረበት የባሰ ግራ ያጋባዋል።

ስለተነገረዎት ቃል፣ ሐዋርያው ትንቢትን አትናቁ ባለበት አንደበቱ ሁሉን ፈትኑ ብሏል (1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20-21)። መፈተን ማለት አገልጋዩን መናቅ አይደለም። ሲጸልይልዎት ስለ ፕሮፎርማው ያውቅ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው፤ «ባለህበት ጽና» የሚለው ቃል «ያዘዙህን አያይዝ» ማለት ሊሆን አይችልምና።

ልብ ብዬ ያየሁት ሌላ ነገር አለ። ስለ ሥራ ለውጡ ጾመዋል፣ ጸልየዋል፣ ምልክት ጠይቀዋል፣ ሰው አማክረዋል። የፕሮፎርማው ነገር ግን ለአብነት ብቻ ተጠቅሶ «የተለመደ ነው» በሚል ታለፈ። እኔ እንደማየው ከሁለቱ ጉዳዮች እግዚአብሔር ፈቃዱን በግልጥ የተናገረበት ይኸኛው ነው። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የእግዚአብሔር ፈቃድ መቀደሳችሁ ነው ካለ በኋላ እዚያው ምዕራፍ 4 ላይ ዝቅ ብሎ በእጃችሁ ሥሩ፣ በውጭ ባሉቱ ዘንድ በአገባብ ተመላለሱ ይላል። የትኛው ከተማ፣ በስንት ደመወዝ የሚለውን አልነገራቸውም። በብዙ ምእመናን ዘንድ የማየው ነገር ይህ ነው፤ ያልተነገረንን ለማወቅ እንደክማለን፤ የተነገረንን ግን የተለመደ አሠራር ብለን እናልፈዋለን።

ኦዲተሯ

ከሙያዬ በመነሣት አንድ ነገር ልጨምር። ሦስት ፕሮፎርማ የሚጠየቀው ዋጋ እንዲወዳደር ነው። ሦስቱም ከአንድ እጅ ከመጡ ኮሚቴው የሚያየው ውድድር የተሠራ ውድድር ነው፤ በቃለ ጉባኤው ላይ «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተመርጧል» ተብሎ ሲጻፍ ያልተደረገ ነገር እንደተደረገ ሆኖ ይመሰከራል። ተጎጂ የለበትም የሚሉ ሰዎች አሉ። ተጎጂው የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ከእርሱም በላይ ደግሞ ቶነሩን በተሻለ ዋጋ ይሸጥ የነበረውና አንድም ቀን ያልተጠየቀው ሌላው ነጋዴ ነው። ጥያቄ አቅራቢውን የምጠይቀው ይህን ነው፤ በዚያ ሰነድ ላይ የእርስዎ ፊርማ የት ላይ ነው የሚያርፈው? «አዘጋጀ» በሚለው ቦታ ከሆነ፣ ልቆይ ወይስ ልልቀቅ ከማለትዎ በፊት መልስ የሚያሻው እርሱ ነው።

ወረቀት አገላባጭ

ፊርማዬ «ዋጋ ያሰባሰበው» በሚለው ቦታ ላይ ነው። ከነጋዴው የሻይ ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ ተቀብዬ አላውቅም፤ ይህንን በእግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ። ነገር ግን እኔ እምቢ ብል ነገ ሌላ ሰው በእኔ ወንበር ተቀምጦ ያንኑ ያደርጋል፤ የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ አይጠብቅም። ደግሞስ ንዕማን በሬሞን ቤት ከንጉሡ ጋር ለመስገድ ፈቃድ ሲለምን ኤልሳዕ «በደኅና ሂድ» ብሎት የለምን? በልቤ ካልተስማማሁበት በእጄ ማያያዜ ያን ያህል ይቆጠርብኛልን?

መምህር ዘደብር

የንዕማንን ነገር ማንሳትዎ መልካም ነው፤ በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 5 የተጻፈው ታሪክ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞችን ያጽናና ነው። ነገር ግን ሁለት ልዩነቶችን ይመልከቱ። ንዕማን ጉዳዩን ከመሄዱ በፊት ለነቢዩ ገልጦ ተናገረ፤ ለማንም ሳይገልጥ በልቡ የያዘው ሐሳብ አልነበረም። ሁለተኛም ንጉሡ በእጁ ተደግፎ ሲሰግድ ንዕማን አብሮ ማጎንበሱ የማንንም ገንዘብ አይወስድም፣ በማንም ላይ በሐሰት አይመሰክርም። የእርስዎ ፊርማ ግን ይመሰክራል። ስለዚህ ነገሩ የሚመደበው በዘዳግም ምዕራፍ 25 ላይ በከረጢትህ ታላቅና ታናሽ ሚዛን አይኑርህ ከተባለው ጋር ነው።

ይህን ማለቴ ግን ነገ ጠዋት ሥራዎን ይልቀቁ ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» አላቸው እንጂ የቀረጡን ገበታ ትታችሁ ውጡ አላላቸውም። ለጭፍሮችም በማንም ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ አላቸው። እዚያው ወንጌል ላይ ሌዊ ከመቅረጫው ተነሥቶ ሁሉን ትቶ ሲከተል እናያለን፤ ዘኬዎስ ግን የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ከሥራህ ውጣ የሚል ቃል አልተነገረውም። ሦስት ዓይነት ቀራጮች፣ ሁለት ዓይነት ጥሪ! መቆየትና መውጣት ለየሰው ይለያያል ማለት ነው። በሦስቱም ዘንድ ያልተለያየው የሰው ገንዘብ አለመንካት ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ልቆይ ወይስ ልልቀቅ የሚለው ጥያቄ ግልጥ የሚሆነው የፕሮፎርማው ነገር ከጠራ በኋላ መሆኑን ነው። የሰው እጅ በነገሩ ውስጥ ሳለ የሚጸለይ ጸሎት ከማምለጥ ጋር እየተቀላቀለ ያስቸግራል።

እኛ ዘንድ በዚህ ነገር የነፍስ አባት ማማከር የቆየ ሥርዓት ነው፤ ምክንያቱም ሰው ለራሱ ጉዳይ ዳኛ ሲሆን የሚወደውን ይፈርዳል። በእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ይህ በሌላ መንገድ ይሆናል፤ ሆኖም ለሚያማክሩት ሰው ወረቀቱን ጭምር ያሳዩት።

የባንክ ልጅ

እኔ የማልስማማበት ነገር አለ። ስለ ሥራ ውሳኔ ስንነጋገር ሁልጊዜ የሚነገረን «በሩ ከተከፈተና ሰላም ከተሰማህ ፈቃዱ ነው» የሚል ነው፤ እኔም በዚህ መመሪያ ነው ያደግሁት። ታዲያ ይህ ሁሉ ስሕተት ነው ማለት ነው?

ሽማግሌው መሐንዲስ

ሰላም የመንፈስ ፍሬ ነውና አንንቀውም። ነገር ግን ዮናስን ያስታውሱ። ከእግዚአብሔር ፊት ሲሸሽ ወደ ኢዮጴ ወረደ፤ ወደ ተርሴስ የምታልፍ መርከብ ተዘጋጅታ አገኘ፤ የጉዞው ዋጋም በእጁ ነበረ፤ ገብቶም ከባድ እንቅልፍ ተኛ። በሩ ተከፍቶለታል፤ እንቅልፉም ሰላም ይመስላል። በሌላ ወገን ጌታችን በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝና ሳለ ከፈቃዱ አንድ እርምጃ አልወጣም። እንግዲህ ስሜታችን ምስክር ሆኖ ቢቆም እንኳ ብቻውን ዳኛ አይሆንም። የባንክ ልጅ፣ እርስዎ ባሉበት ሙያ አንድ ደንበኛ «ልቤ ነግሮኛል» ብሎ ያለ ዋስትና ብድር ቢጠይቅዎት የሚመልሱለትን ያውቁታል።

ነህምያን ደግሞ እወደዋለሁ። ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን ወር ጸለየ፤ ንጉሡ ምን ትለምናለህ ባለው ጊዜ ግን ወደ ሰማይ አምላክ ጸልዮ ወዲያው መለሰ፤ የሚቆይበትን ጊዜ ተናገረ፤ በወንዝ ማዶ ላሉ ገዢዎች ደብዳቤ፣ ለበሮቹም እንጨት የሚሰጠውን ሰው ጭምር ጠየቀ። የወራት ጸሎቱ ዝርዝሩን እንዲያጠና ጊዜ እንደሰጠው ግልጥ ነው። በግንባታ ሥራ ላይ ጸልየናል እያሉ የአፈር ምርመራ የሚዘሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከቤሩት

ወንድሞቼ፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብሁ። አንድ ነገር ልበል። እናንተ የምትናገሩት ምርጫ ስላለው ሰው ነው። እዚህ በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዴ ከአሠሪዬ ስም ጋር የታሰረ ነው፤ ፓስፖርቴም በእጇ ነው። ልቆይ ወይስ ልልቀቅ ብዬ የምጸልይበት ጉዳይ የለኝም። በ2020 እ.ኤ.አ. የአገሩ ገንዘብ ሲወድቅ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቅቷቸው እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል። ያ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነበር የሚለኝ ሰው ካለ ፊቴ ቆሞ ይንገረኝ።

በምሠራበት ቤት አሮጊት አሉ፤ ሰውም አይለዩም። ጠዋት ሳጥባቸው ውኃውን በክርኔ ለክቼ ነው፤ ቢቃጠሉ የሚናገሩበት አንደበት የላቸውም፤ ልጃቸውም አታይም። በዚህ ቤት ፈቃዱን የማውቀው በዚያ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን እርሱ ያውቃል እላለሁ፤ ግን ደግሞ ደመወዜን በጊዜው እጠይቃለሁ።

ታዛዥ

እህቴ፣ ባሪያዎች ሆይ ለጌቶቻችሁ ታዘዙ የሚለውን በኤፌሶን ምዕራፍ 6 ያንብቡ። ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምትሠሩ ቆጥራችሁ በትዕግሥት ከቆያችሁ ዋጋችሁ በሰማይ ነው። ጥያቄ ማብዛት ልብን ያደክማል።

ኦዲተሯ

ወንድሜ ታዛዥ፣ ምዕራፉን ሲጠቅሱ እስከ ቁጥር 9 ድረስ ያንብቡት፤ ጌቶች ሆይ ዛቻውን ትታችሁ እንዲሁ አድርጉላቸው፣ የእናንተና የእነርሱ ጌታ በሰማይ ነው ይላል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 4 ደግሞ የተከለከለው የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጸባዖት ጆሮ እንደገባ ይናገራል። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ባሪያ ሆኖ ለተጠራው ሰው አይገድህም ካለ በኋላ አርነት ልትወጣ ቢቻልህ ግን አርነትን ተቀበል ብሎታል። ደመወዝ መጠየቅ ከፈቃዱ መውጣት አይደለም። በዚህ ጉዳይ ፈቃዱን መመርመር የሚገባት አሠሪዋ ነበረች።

መምህር ዘደብር

እህታችን ከቤሩት፣ ከተጻፈው ሁሉ የእርስዎ ለነገሩ የቀረበ ነው። አባ እንጦንስ በምድረ በዳ ሳለ ስልቹነትና ጨለማ ቢከብደው ጌታ ሆይ፣ እንዴት ልዳን ብሎ ጠየቀ። ወጣ ሲል እርሱን የመሰለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ሲጎነጉን አየ፤ መልአክ ነበረ። እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ አለው። ለታላቁ አባት የተሰጠው መልስ እጁ ቀድሞ የያዘው ሥራ ነበር። ይህ ግን ሥራውን ራሱ መርጦ በበረሃ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ፓስፖርቱን ሰው ለያዘበት በረሃውም ምርጫው አይደለምና በእርስዎ ላይ ቀንበር ላደርገው አልፈልግም።

ባለ ወርክሾፕ

እኔ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ሠራተኞችም አሉኝ። የአሠሪ ነገር ስለተነሣ ልናገር። በእኛ ሙያ የእግዚአብሔር ስም በብዛት የሚጠራው ቀጠሮ ሲሰጥ ነው። «እግዚአብሔር ካለ ሐሙስ ይደርሳል» ይባላል፤ ሐሙስ እንደማይደርስ ግን ተናጋሪውም ያውቃል፣ ብየዳ ላይ ያለውም ልጅ ያውቃል። ያዕቆብ ጌታ ቢፈቅድ በሉ ያለው ነገን እንደማናውቅ እንድናምን ነው፤ እኛ ደግሞ ሐሙስን አሳምረን እያወቅን እንለዋለን።

ሌላው ቀብድ ነው። የላሜራና የቱቦላሬ ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምር፣ ዛሬ በመጣው ደንበኛ ቀብድ ያለፈው ደንበኛ ብረት ይገዛል፤ የዛሬው ደንበኛ በር ደግሞ ገና የሚመጣውን ሰው ይጠብቃል። አንድ ትልቅ ትእዛዝ ሲመጣ «በር ተከፈተልኝ» ብሎ ማመስገን ቀላል ነው። ጌታ ግን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቈጥራል ብሎ አስተምሯል። ስለዚህ ትእዛዝ ከመቀበሌ በፊት የማየው ሦስት ነገር ነው፤ ብረቱ በዚህ ቀብድ ይገዛል ወይ፣ የሠራተኞቹ የቅዳሜ ክፍያ ሳይነካ ይሠራል ወይ፣ የምሰጠው ቀን እውነት ነው ወይ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ትእዛዙን እመልሳለሁ። ዘዳግም 24 ላይ ድሀ ነውና፣ ነፍሱም ወደ ደመወዙ ታዘነብላለችና ፀሐይ ሳይገባ ክፈለው የሚለውን ሰምቶ፣ የቀን ሠራተኛን በሚመጣው ሰኞ ማባበል ፈቃዱ ነው አይደለም ብሎ መጸለይ አያስፈልግም። የምጸልየው ትእዛዙን መልሼ በማግሥቱ እንዳልቆጭ ነው።

የባንክ ልጅ

እንግዲህ ሁሉም ነገር ግልጥ ከሆነ በጸሎት የምንለየው ነገር አልቀረም ማለት ነው? ለእኔ ይህ ደግሞ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል።

ሽማግሌው መሐንዲስ

አይደለም፣ ይቀራል። ጳውሎስ በእስያ እንዳይናገር ተከለከለ፣ ወደ ቢታንያ ሊሄድ ሞክሮ አልተፈቀደለትም፤ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ይህ በምን መንገድ እንደሆነ አልነገረንም። የመቄዶንያውን ሰው በራእይ ካየ በኋላ እንኳ ጓደኞቹ አብረውት አስበው እግዚአብሔር እንደጠራቸው ተረዱ። እዚህ ላይ የተጻፈ ትእዛዝ አልነበረም፤ ሁለቱም አውራጃዎች ወንጌል ይገባቸው ነበር። ሁለት መልካም ነገር ሲቀርብ፣ ወይም የታወቀውን መልካም ነገር በምን ጊዜ፣ በምን ቃል፣ ከማን ጋር ላድርገው ሲባል መለየት ያስፈልጋል። ጥያቄ አቅራቢው ወንድማችን ፕሮፎርማውን ማያያዝ እንደሌለበት ግልጥ ነው። ለአለቃው እንዴት ይንገር፣ ነጋዴውንስ እንዴት ይመልስ፣ ከባልደረቦቹ መካከል በፍርሃት ያደረገውን በስግብግብነት ካደረገው እንዴት ይለይ የሚለው ግን ጥበብ ይጠይቃል፤ ጸሎቱንም ጾሙንም ወደዚህ ቢያዞረው ከደመወዝ ጭማሪው ይልቅ ፍሬ የሚያገኝበት ይመስለኛል።

ወረቀት አገላባጭ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ይህን ውይይት አብረን አነበብነው። ስለ አዲሱ ሥራ መልስ እንድሰጥ የተሰጠኝ ጊዜ አላለቀም፤ በዚያ ላይ ገና አልወሰንሁም። ለአሁኑ ግን ለአለቃዬ በጽሑፍ ማስታወሻ ለማቅረብ አስቤያለሁ፤ በቃል ብነግረው በሣቅ እንደሚያልፈው አውቃለሁና። ባልደረቦቼን እንዳልከሳቸው፣ ራሴንም ጻድቅ እንዳላደርግ እፈራለሁ። ኦዲተሯ እህታችን፣ ምን ብዬ ልጻፈው?

ኦዲተሯ

የሰውም ሆነ የነጋዴ ስም አያንሡ፤ ስላለፈው ግዢም ክስ አይጻፉ፤ ስላለፈው ሲጠየቁ ግን ያዩትን እንዳለ ይናገሩ። ማስታወሻው ላይ ከሚቀጥለው ግዢ ጀምሮ የዋጋ መጠየቂያው ከድርጅቱ ኢሜይል በቀጥታ ለእያንዳንዱ አቅራቢ እንዲላክ፣ መልሱ በታሸገ ፖስታ ለኮሚቴው ጸሐፊ እንዲገባ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም አብሮ እንዲያያዝ ሐሳብ ያቅርቡ። ከግማሽ ገጽ አያስበልጡት። በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ያስይዙት፤ አንድ ቅጂ በእጅዎ ይኑር። አለቃዎ በቃል «ተወው» ካሉዎት፣ በጨዋነት «እርስዎ ካዘዙኝ በጽሑፍ ይስጡኝ» ይበሉና በዚያ ሳምንት ሞተረኛው የሚያመጣውን ፖስታ አይቀበሉ። ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ለመሄድ ከወሰኑም ውሉን ከመፈረምዎ በፊት በዚያ ፕሮፎርማ የሚሰበስበው ማን እንደሆነ ይጠይቁ።